የአንባብያን ጥያቄ፦ «እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ» የተባለው መቼ አበቃ?

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ወረዳዎችና ቀበሌዎች ለነዋሪው ስላወጧቸው ማስታወቂያዎች ጥያቄ ያላችሁ አንባብያን እንድትጽፉልን ባለፈው እትም ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳንጠቅስ ከመልሶቻችን ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ ድንኳን መትከልና ለቅሶ መቀመጥ እንድናቆም ከወረዳው ማስታወቂያ ደረሰን። ወረቀቱ ዛሬም በእድሩ መዝገብ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ቲተርና ማኅተም አርፎበታል፣ ቁጥርና ቀን ግን የለውም፣ የሚያበቃውም «እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ» ብሎ ነው። ያ ሌላ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አልመጣም። አሁን በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ጭቅጭቅ ተነሥቷል፤ ገሚሱ አባል ክልከላው ስላልተነሣ ለቅሶው በአንድ ቀን ይብቃ ሲል፣ ታላላቆቹ ደግሞ ሦስት ቀን ይቀመጥ ይላሉ። በዚያን ጊዜ በፍርሃት ከቀብር በቀሩ አባላት ላይ የተመዘገበው የቀሪ ቅጣትም አልተፈታም። የሚወስነው ማን ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ የብዙ ሰፈሮች ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን። በአገራችን የመጀመሪያው በኮሮና የተያዘ ሰው መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ብዙ ሰው የሚገናኝባቸው ስብሰባዎችም ታገዱ። መጋቢት 30 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012ን ደነገገ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ከሁለት ቀን በኋላ አዋጁ ለአምስት ወር እንዲጸና አጸደቀው። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 አራትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች መሰብሰባቸውን ከለከለ፣ መጨባበጥን አገደ፣ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግን አስገደደ። ወረዳችሁ ለእድራችሁ የላከው ወረቀት ጉልበት ያገኘው ከእነዚህ ሕጎች እንጂ ከራሱ አልነበረም።

አዋጁ አምስት ወሩን ጨርሶ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አበቃ። በእርሱ ፋንታ በ2013 ዓ.ም. መባቻ የወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ማስክ ማድረግን፣ ርቀት መጠበቅንና አለመጨባበጥን አስቀጠለ። የዓለም ጤና ድርጅትም ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ሆኖ የቆየበት ጊዜ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታወቀ። ስለዚህ በመዝገባችሁ ውስጥ ያለው ወረቀት የተመሠረተበት ሕግ ካበቃ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ «ክልከላው አልተነሣም» የሚለው ክርክር የሚቆምበት መሠረት የለውም።

የለቅሶውን ቀን የሚወስነው እንግዲህ የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡ ሦስት ቀን የሚል ከሆነና አባላቱ አንድ ቀን እንዲሆን ከፈለጉ፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ድምፅ ይሰጥበት፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የአንድ ቀኑ ልማድ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ወጪ እንደሚቀንስ የሚናገሩት አባላት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ይህን ያህል ትልቅ ለውጥ ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት ተገን አድርጎ ሊገባ አይገባም፤ አባላቱ ፊት ለፊት ተነጋግረው የወሰኑት መሆን አለበት። በጉባኤው ላይ ባሎቻቸውን ወይም ሚስቶቻቸውን በዚያ ወቅት የቀበሩ አባላት አስቀድመው ቢናገሩ መልካም ነው እንላለን። ድንኳን ሳይተከል፣ ንፍሮ ሳይቀርብ፣ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ሲመለስ ሐዘን እንዴት እንደነበረ ከሌላው ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

የቀሪ ቅጣቱን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። መሰብሰብ በሕግ በተከለከለባቸው ወራት ከቀብር የቀረ አባል ሕግ አከበረ እንጂ ግዴታውን አላጓደለም፤ ስለዚህ ቅጣቱ ይሰረዝ፣ የከፈለም ካለ ገንዘቡ ይመለስለት ወይም ለወርኃዊ መዋጮው ይታሰብለት።

ሌላ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። በዚያ ዘመን ክልከላ ሲጀመር መኪና ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ በየመንደሩ ተለፍፎአል፤ ክልከላው ሲያበቃ ግን እድሮችን ጠርቶ የነገረ ወረዳ ስለመኖሩ የጻፈልን አንባቢ የለም። ነዋሪው ነገሩ ማብቃቱን ያወቀው ሌላው ሰፈር ድንኳን ሲተክል በማየት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሰውን ሐዘንና ገበያ የሚነካ ትእዛዝ ሲያወጣ የሚጸናበትን ጊዜ በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ጊዜው ሲደርስም ትእዛዙን ባወጀበት ድምፅ ልክ ማብቃቱን ማወጅ ግዴታው ነው፤ ይህን አለማድረግ ዛሬ እንደምታዩት ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

ጥያቄ፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በወረርሽኙ ጊዜ የአካባቢ መረጃ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይበልጥ የደረሰው በምን መንገድ ነበር ትላላችሁ?

መልስ፦ የዚያን ጊዜውን ድምፅ የማያስታውስ የለም። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት እጃችንን እንድንታጠብ የሚመክረው የኢትዮ ቴሌኮም መልእክት ነበር፤ በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የሚያወጡት የምርመራ ውጤት፣ 8335 እና 952 የተባሉት ነፃ የስልክ መስመሮችም ነበሩ። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ነበሩ፤ ነገር ግን የአገሪቱን ሁኔታ ይገልጹ ነበር እንጂ አንዲት የልደታ ነዋሪ እናት ነገ ሽንኩርት ከየት እንደምትገዛ አይነግሯትም ነበር።

አትክልት ተራን ምሳሌ እናድርግ። ከፒያሳ አጠገብ የነበረው ገበያ መጨናነቁ ለበሽታው መዛመት እንደሚያሰጋ ታምኖ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ጃንሜዳ የጥምቀት በዓል ማክበሪያ ስለሆነ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በፊት ቦታው እንዲለቀቅ ተደርጎ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በእነዚህ ወራት ቸርቻሪዋና ገዢዋ ማወቅ የነበረባቸው ሕግ ብቻ አልነበረም፤ መግቢያው በየት በኩል እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ታክሲው እስከ የት እንደሚያደርስ፣ ታክሲዎች ግማሽ ሰው ብቻ ሲጭኑ ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ስለነበር ደርሶ መልስ ስንት እንደሚያስወጣ ጭምር ነው። ይህን ዓይነቱን ወሬ የሚያደርሰው የሰፈር ሰው ነው።

በጥናትዎ ውስጥ ሁለት ሰዎችን እንዲፈልጉ እንመክራለን። አንደኛዋ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። እነዚህ ባለሙያዎች ከወረርሽኙ በፊትም የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለመከታተል ቤት ለቤት ይሄዱ ስለነበር፣ በ2012 ዓ.ም. የሙቀት መለኪያ ይዘው በር ሲያንኳኩ እንግዳ አልነበሩም፤ የትኛው ግቢ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ እንዳለ፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደምትኖር ያውቁ ነበር። ሁለተኛው የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሞትን ለመንገር የሚነፋው ጥሩምባ በየሰፈሩ የታወቀ ነውና እርሱ ቆሞ የተናገረው ወደ ሁሉም ጆሮ ይደርሳል። ማስታወቂያቸውን በበር ላይ ለጥፈው በተቀመጡት ወረዳዎችና እነዚህን ሰዎች አስቀድመው ጠርተው ባስረዱት ወረዳዎች መካከል ያለውን ልዩነት ቢያጠኑ ለሚቀጥለው ክፉ ቀን የሚጠቅም ሥራ ይሠራሉ ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ከኮልፌ ነው የምጽፈው። በ2012 ዓ.ም. ማዕድ ማጋራት ሲባል ጤፍ፣ ዘይትና ጥሬ ገንዘብ ለወረዳችን ኮሚቴ አስረክቤአለሁ፤ ደረሰኙም በእጄ አለ። ለማን እንደታደለ የነገረን የለም። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ መጠየቅ ነውር ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ ነውር የለበትም፤ መብትዎ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ የተጠየቀው መሥሪያ ቤትም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ማመልከቻዎን ለወረዳው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ ያስገቡ፤ የደረሰኙን ቅጂ ያያይዙ፣ ቅጂውን የተቀበለ ሰው ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበትም ይጠይቁ። የሚጠይቁት የተቀባዮችን ስም ዝርዝር ባይሆን ይመረጣል፣ ችግረኛን ማጋለጥ ይሆናልና፤ የተሰበሰበውና የተከፋፈለው መጠን፣ የተረዳው አባወራና እማወራ ቁጥር፣ የተረፈ ካለም የት እንደገባ ቢገለጽልዎ ይበቃል። መልስ ከተነፈጉ አቤቱታዎን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላሉ። ሰዎች በጭንቅ ቀን ከጓዳቸው ቀንሰው የሰጡት እህል ሒሳቡ ሊነገር ይገባል፤ ሒሳቡ ሲነገር ደግሞ በሚቀጥለው ጥሪ የሚሰጠው እጅ ይበዛል።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ነኝ። በወረርሽኙ ጊዜ ከከተማው አስተዳደር በአማርኛ የተጻፉ መልእክቶች ይደርሱን ስለነበር እናቴ ስለ ክትባቱ ያነበበችው በራሷ ቋንቋ ነው። አሁን ግን ለሌላ ጉዳይ ወደ አንድ የከተማዋ ቢሮ ሄዳ አስተርጓሚ የለም ተባለች። የያኔው የበጎ ፈቃድ ነገር ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አልነበረም። የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከወረርሽኙ 16 ዓመት በፊት ማለት ነው። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ተገልጋይ የቃል አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አንድን ቋንቋ የሚናገሩት ሰዎች ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ሲያሟሉ ደግሞ ወሳኝ ሰነዶችን በዚያ ቋንቋ እንዲተረጉሙ ይደነግጋል። አማርኛ በዚህ ሕግ ከሚገለገሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ እናትዎ ወደ ቢሮው ሲመለሱ የሚፈልጉት ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ተናግረው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በስልክ የሚደረግ ትርጉምም በቂ ነው። ልጅ ወይም ጎረቤት እንዲያስተረጉምላቸው ማምጣት አይጠበቅባቸውም። ዳግመኛ እምቢ ከተባሉ የሄዱበትን ቀን፣ የቢሮውን ስምና የተነገራቸውን መልስ ጽፈው ለከተማዋ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ ያቅርቡ፤ አቤቱታውን በአማርኛ መጻፍም ይችላሉ።