ግራሩ ቆሞ ዘሩ ሲያልቅ

አንዲት የማስተርስ ተማሪ «አፋር ውስጥ በቦይና በመንገድ ተቆራርጠው የቀሩትን ትንንሽ የግራር ደኖች ማጥናት ዋጋ አለው? አማካሪዬ ዛፎቹ መች ደረቁ ይለኛል» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና መልሴን ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ወጣት ባለሙያ ሳለሁ መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ላይ ዛፍ ስንቆጥር ነበር። የጥጥ መስኖው ሲስፋፋ ከመሬት በታች ያለው ጨዋማ ውሃ ወደ ላይ መጣ፤ ፀሐይ ውሃውን ስትመጠው ጨው ላዩ ላይ ቀረ። ሰፊ እርሻ ጥጥ አላበቅል ብሎ ተጣለ። በዚያ ነጭ መሬት መሀል፣ በሁለት ቦዮች የታጠረ የግራር ደን ነበር። ዛፎቹ ግዙፍ ናቸው። ቅጹ የሚጠይቀው የግንድ ውፍረት ብቻ ስለነበር የደኑ ሁኔታ «ጥሩ» ተባለ።

አብረውን የነበሩ አንድ የአፋር አዛውንት ጎንበስ ብለው ከመሬት የግራር ፍሬ አነሱና ሰበሩልኝ። እያንዳንዱ ዘር ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ነቀዝ በልቶታል። «ልጄ፣ እነዚህ ከእኔ ጋር ያደጉ ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የተወለደ የለም» አሉኝ። ድሮ ፍየሉና ግመሉ ፍሬውን በልተው ይሄዳሉ። ዘሩ በሆዳቸው ሲያልፍ ጠንካራ ቅርፊቱ ይላላል፤ ነቀዝ ሳይጨርሰው ሌላ ቦታ ይወድቃል። ቦዩ ከተቆፈረ ወዲህ መንጋው አይሻገርም፤ ፍሬው እናቱ ሥር ይቀራል። ቢበቅልም የሚጠብቀው ጨው ነው። ትልቁ ዛፍ በጥልቅ ሥሩ ይቋቋመዋል፤ ለጋው ችግኝ ግን አይችለውም።

ቃላቸውን በቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት፤ በታተመው ሪፖርት ውስጥ አልገባም። ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። መንጋው ድሮ የሚያልፍበትን መንገድ «ነገ ላሳይህ» ብለውኝ ነበር። በማግስቱ መኪናችን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ደግሜ ስሄድ አርፈዋል፤ ደኑንም ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ ውጦታል።

የመተሐራውን በሰቃ ሐይቅ ባየሁ ቁጥርም ያ ደን ይታወሰኛል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ የግጦሹንም የግራሩንም መሬት ከፋፍሎታል።

የዛሬ ወጣቶች ሳተላይት ምስል አብዝታችሁ ታምናላችሁ። ፕሮሶፒስ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ አፋር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል፤ በምስሉ ላይ ደን ያገገመ ይመስላል። እሱንም የሚያሰራጩት ፍሬውን የሚበሉት ከብቶች ናቸው፤ ስለዚህ መንጋው በየቦታው ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ምስሉ በእጃችን ቢኖር ደኑ እንዴት እንደተቆራረጠ ከመነሻው እናየው ነበር።

ልጄ፣ ጥናቱን ሥሪው። ክረምቱ ወጣ ሲል፣ ዝናቡ ጨውን ወደ ታች ካጠበው በኋላ ሂጂ። ችግኙን ከደኑ መሀል እስከ ቦዩ ጥግ ቁጠሪ፤ አፈሩንም እዚያው ለኪ። ፍየል የሚጠብቁትን ልጆች ሳይሆን አያቶቻቸውን ጠይቂ፤ «ነገ ላሳይሽ» ካሉሽም እደሪ።