የ«አቫታር» መጨረሻ፦ ሱቄ ድረስ የመጡ ጥያቄዎች

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ በፍላሽ ፊልም እጭናለሁ። ዝናቡ ሰውን ቤት አስቀምጦት መሰለኝ፣ «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» የተባለውን ተከታታይ ካርቱን 61ዱንም ክፍል ጨርሶ ሊከራከረኝ የሚመጣው በዝቷል። ሥራ ስላስፈታችሁኝ እዚሁ ልመልስ። ያላያችሁት እለፉት፤ መጨረሻውን እዘረግፈዋለሁ።

ጥ፦ ዋናው ልጅ አንግ የእሳት መንግሥቱን ንጉሥ ኦዛይን ለምን አልገደለውም? ዓለም ሊያቃጥል የተነሳ ሰው!

መ፦ መነኩሴ ነዋ። ወገኖቹን የእሳት መንግሥት ጨርሷቸዋል፤ ትምህርታቸውን ይዞ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ኦዛይን ቢገድል ያንንም አብሮ ቀበረው። የገዛ ወገኑ፣ ድሮ የሞተችው ያንግቼን እንኳ በመንፈስ መጥታ «ከአንተ ነፍስ ዓለም ይቀድማል» ዓይነት ምክር ሰጥታው ነበር። አልሰማትም። እሳት የሚያዝበትን ኃይሉን ነጥቆ አሰረው።

ጥ፦ ያ አንበሳ መሳይ ኤሊስ ከየት ዱብ አለ?

መ፦ እዚህ ላይ አልሟገትም። ሥዕሉ ሁለተኛው ሲዝን ላይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ታይቷል። ለአንግ ኃይል መንጠቅን እንደሚሰጠው ግን ማንም ቀድሞ አልነገረንም። ከሱ የባሰው በመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ያለው ድንጋይ ነው። የኦዛይ ልጅ አዙላ ድሮ በመብረቅ ያቆሰለችው የአንግ ጀርባ ላይ ወጋውና የተዘጋው ኃይል ተከፈተ! ደራሲዎቹ ሰንፈዋል ባይ ነኝ።

ጥ፦ የዙኮ እናትስ?

መ፦ ዙኮ አባቱን ኦዛይን እስር ቤት «እናቴ የት ናት?» ሲለው ይቆረጣል። መልሱ በኋላ በኮሚክ ወጣ።

ጥ፦ ጋሼ፣ አንተ የምትወደው የቱን ነው?

መ፦ ድንኳኑን። ዙኮ አጎቱን አይሮን ከድቶ አሳስሮታል። አሁን ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቷል። ሽማግሌው ያንኮራፋል። ልጁ ተንበርክኮ እስኪነጋ ይጠብቃል። እኛ ጋ ቢሆን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ነበር የሚገባው። አይሮ ሲነቃ ጀርባውን ሰጠው። ዙኮ እንባው እየቀደመው መናገር ጀመረ፤ ሳይጨርስ አጎቱ ስቦ አቀፈው። ለእኔ ጦርነቱ ያለቀው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እሳት ብቻ ነው።

ጥ፦ ለምን ሻይ ቤት ውስጥ አለቀ?

መ፦ ከተማዋን አስቡ። ባ ሲንግ ሴ ናት። አይሮ 600 ቀን ከቧት ልጁን ያጣባት። አሁን እዚያው ሻይ ቤት ከፍቷል፤ አዲሱ ንጉሥ ዙኮ ራሱ ሻይ ያድላል። (ቡና ቢሆን ደስ ባለኝ። የጅማ ሰው ምን ያድርግ?) የአንግ ጓደኛ ሶካ ሁሉንም ሥሏቸው ሁሉም ያማርራሉ፤ አይሮም ቦርጬ ይህን ያህል አይደለም ይላል። ቆንጆ ወጥታችኋል ያለችው ቶፍ ብቻ ናት። ዓይነ ስውሯ።