የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሁለቱ የትምህርት ቦርድ እጩዎች ማንን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ታላቋ ሰባተኛ ክፍል፣ ታናሹ ሦስተኛ ክፍል ናቸው። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ በየምርጫው ድምፅ እሰጣለሁ፤ የትምህርት ቦርዱ ጋ ስደርስ ግን ስሞቹን ስለማላውቃቸው ባዶውን ትቼ አልፋለሁ። ዘንድሮ ከመልእክት ሣጥኔ የማይጠፋው የእጩዎቹ በራሪ ወረቀት ነው። ሁለቱም «ለልጆቻችሁ እቆማለሁ» ይላሉ። አንደኛዋ ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ መጥታ በአማርኛ ሰላም ብላናለች፤ ሌላኛው የመምህራን ማኅበሩ ድጋፍ አለው ይባላል። ጎረቤቴ ደግሞ «የመጻሕፍቱን ጉዳይ ብቻ አይተሽ ምረጪ» ትለኛለች። በምን ልለያቸው?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ማንን እንደሚመርጡ የመንገር ሥራ የዚህ አምድ አይደለም፤ በምን እንደሚለዩአቸው ግን ልናሳይዎ እንችላለን። በራሪ ወረቀቶቹን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጓቸውና ቦርዱ ማድረግ የሚችለውንና የማይችለውን በመለየት ይጀምሩ፤ ከተስፋው ብዙው በዚህ ብቻ ተንጠርጥሮ ይወጣልና። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች፣ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችና በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት አላቸው። ይህን የሚመራው ቦርድ ስምንት አባላት ያሉት ሲሆን፣ አምስቱ ከአምስት ወረዳዎች፣ ሁለቱ ከመላው ካውንቲ የሚመረጡ ናቸው። የወረዳ እጩ መኖር ያለበት በዚያ ወረዳ ቢሆንም ድምፅ የሚሰጠው ግን የካውንቲው መራጭ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ «ይህ እጩ የእኔ ሰፈር አይደለም» ብለው የሚያልፉት ቦታ የለም። ስምንተኛው አባል ተማሪ ሲሆን፣ ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ይመርጡታል። ታላቋ ልጅዎ ሰባተኛ ክፍል ከሆነች፣ እርስዎ ባዶ ትተውት ለሚያልፉት ቦርድ እርሷ አንድ አባል የመምረጥ ዕድል ነበራት ማለት ነው።

ቦርዱ በዋናነት የሚሠራው አራት ነገር ነው፦ ሱፐርኢንተንደንት የሚባለውን የበላይ ኃላፊ ይሾማል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የየትኛው ሰፈር ልጅ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማር ክልል ይወስናል፣ መመሪያዎችን ያወጣል። ግብር መጣልም ሆነ መቀነስ አይችልም። ገንዘቡን የሚመድበው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፤ ቦርዱ በየካቲት ግድም ጥያቄውን አጽድቆ ይልካል፣ ምክር ቤቱ በግንቦት ይወስናል፣ ቦርዱም በተፈቀደለት ልክ በሰኔ ያስተካክለዋል። እንግዲህ «የቤት ግብራችሁን አስቀንሳለሁ» የሚል የቦርድ እጩ ካጋጠመዎ፣ የሚወዳደርበትን ሥራ አያውቀውም ወይም እርስዎ አያውቁትም ብሎ ገምቷል። ሁለቱም አያስመርጡትም።

ስለ ሱፐርኢንተንደንቱ ጥቂት እንቆይ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ሹመት ነውና። በሜሪላንድ ሕግ የካውንቲ ሱፐርኢንተንደንት የሚሾመው ለአራት ዓመት ሲሆን ዘመኑም ጁላይ 1 ይጀምራል። የአሁኑ ሱፐርኢንተንደንት ቶማስ ቴይለር ሥራቸውን የያዙት በጁላይ 2024 ስለሆነ ዘመናቸው የሚያበቃው በ2028 ነው። በኖቬምበር 2026 የሚመረጡት አባላት የእርሳቸውን ሹመት ማደስ አለማደሱን ከሚወስኑት መካከል ይሆናሉ ማለት ነው። «እንደተመረጥኩ አነሣቸዋለሁ» የሚል እጩ ካለ ግን ሕጉን ያየው አይመስለንም፤ ሱፐርኢንተንደንትን ከዘመኑ በፊት የማንሣት ሥልጣን፣ ያውም በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ፣ የስቴቱ የትምህርት የበላይ ኃላፊ ነው። ቀደም ሲል የነበሩት ሱፐርኢንተንደንት በ2024 መጀመሪያ ላይ የለቀቁት ከቦርዱ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር፤ ስምምነቱም ካውንቲውን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስወጥቷል። ስለዚህ ለሁለቱም እጩዎች የሚጠቅመው ጥያቄ «ቴይለርን ትወዳላችሁ ወይ?» የሚል ሳይሆን፣ «በ2028 ሹመታቸውን ለማደስ ወይም ላለማደስ የምትመዝኑት በምንድን ነው?» የሚል ነው። በንባብና በሒሳብ ውጤት ነው? ወላጅ ሲጮኽ በሚሰጡት ምላሽ ነው? በጀቱን በያዙበት ሁኔታ ነው? መልስ ያለው እጩና መልስ የሌለው እጩ እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የትምህርት ቤት ክልል ጉዳይ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ኖርዝዉድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየታደሰ በመሆኑ ተማሪዎቹ ከ2024 ጀምሮ ወደ ዉድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ተዛውረው እንደሚማሩ ሳይሰሙ አይቀሩም። ዉድዋርድ ራሱ እንደገና ሊከፈት፣ በጌተርስበርግም ክራውን የተባለ አዲስ ትምህርት ቤት ሊጨመር በመታሰቡ፣ የብዙ ሰፈሮችን ምደባ የሚነካ የክልል ጥናት ተካሂዷል። የዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ቤት በገዛ ሰውም በተከራየም ላይ ይደርሳል፤ ታላቋ ልጅዎ በቅርቡ፣ ታናሹም ተከትሏት ሁለተኛ ደረጃ ይገባሉ።

የቦርዱ መመሪያ ክልል ሲከለስ አራት ነገሮች እንዲታዩ ያዛል፦ የተማሪዎቹ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ስብጥር፣ የቤቱ ቅርበት፣ ልጆች ቶሎ ቶሎ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እንዳይዘዋወሩ መጠንቀቅ፣ እንዲሁም ሕንፃው እንዳይጨናነቅ ወይም ባዶውን እንዳይቀር ማድረግ። አራቱ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ስብጥርን ያስቀደመ ልጅን በአውቶቡስ ሊያርቅ ይችላል፤ ቅርበትን ያስቀደመ ደግሞ ድሃው ከድሃ፣ ሀብታሙ ከሀብታም ጋር እንዲማር ሊተው ይችላል። «ከአራቱ የትኛውን ታስቀድማለህ? ለየትኛውስ ስትል የትኛውን ትተዋለህ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁ። «ሁሉም እኩል አስፈላጊ ናቸው» የሚል መልስ ከመጣልዎ ምንም አልተመለሰልዎትም።

ወደ ጎረቤትዎ ምክር እንምጣ። ጉዳዩ ብዙ ወገኖቻችንን የነካ ነው። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትንና የጾታ ማንነትን የሚያነሡ የሥዕል መጻሕፍትን በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ማንበብ ከጀመሩ በኋላ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከንባቡ እንዲያስወጡ ሲፈቀድ የነበረው አሠራር በማርች 2023 ቀረ። በዚያው ዓመት ሙስሊም ወላጆችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ሮክቪል ላይ ተሰልፈው ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ ጁን 27 ቀን 2025 በስድስት ለሦስት ድምፅ ለወላጆቹ ወሰነ፤ ክሱ እስኪቋጭ ድረስም ለከሳሾቹ ወላጆች አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲሰጣቸውና ልጆቻቸው እንዲወጡ እንዲፈቀድ አለ። ከዚህ በኋላ ለወላጅ መብቱን አስመልሳለሁ የሚል እጩም ሆነ አልቀበልም የሚል እጩ ከፍርድ ቤቱ በላይ ሊሆን አይችልም። እርስዎ በየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ የቀረው ጥያቄ የአፈጻጸም ነው፦ ማስታወቂያው መቼ ይመጣል፣ በአማርኛስ ይመጣል ወይ፣ የሚወጣው ልጅ በዚያ ሰዓት የት ተቀምጦ ምን ይማራል? ጉዳዩ ለሕሊናዎ ዋና ከሆነ ዋና ያድርጉት፤ ብቸኛ ካደረጉት ግን ቀሪውን የአራት ዓመት ሥራ ሳያዩ ይመርጣሉ።

የመምህራን ማኅበሩን ድጋፍ በተመለከተ፣ በምርጫ ጣቢያ በር ላይ የፖም ቅርጽ ያለው ወረቀት የሚያድልዎት ሰው ያገኛሉ፤ የማኅበሩ የድጋፍ ዝርዝር ነው። የቦርድ እጩዎች ከስማቸው ጎን ፓርቲ ስለማይጻፍላቸው፣ ሌላ ምልክት ያጣ መራጭ ይህን ወረቀት ይዞ ይገባል። ወረቀቱ የሚነግርዎ እጩው ከመምህራኑ ጋር ተነጋግሮ እንዳሳመናቸው ነው፤ ክፍል ውስጥ ያለውን ችግር የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም። በሌላ በኩል ቦርዱ የመምህራኑን የደመወዝና የሥራ ውል የሚያጸድቅ አካል ነው፤ ስለዚህ እጩውን «ከማኅበሩ ጋር ያልተስማማህበት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በነገራችን ላይ የሥልጣን ወንበር ብቻውን አያድንም፦ በ2024 ለድጋሚ የተወዳደሩት ሦስቱም የቦርድ አባላት ተሸንፈዋል፤ ሁለቱ ገና በቅድመ ምርጫው፣ ሦስተኛዋ በኖቬምበር።

ነጠላ የለበሰችዋን እጩ አንነቅፋትም፤ መጥታ ሰላም ማለቷ ካልመጣው ይሻላል። ይሁን እንጂ አክብሮቷን ወደ ሥራ መልሰው ይጠይቋት። አማርኛ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በጀት ሲጎድል የአስተርጓሚ ገንዘብ ይነካ አይነካ፣ ልጁ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ወላጅ ስብሰባ ሲጠራ አስተርጓሚ በአካል ይቀርብለት አይቀርብለት ጠይቀው የምትሰጠውን መልስ ያዳምጡ። ያንኑ ጥያቄ ነጠላ ላልለበሰውም ያቅርቡለት።

የእጩዎቹን ቃል ከሥራቸው ጋር ለማመሳከር ብዙ መድከም አይኖርብዎትም። ከሁለቱ አንዱ አሁን አባል ከሆነ፣ የቦርዱ ስብሰባዎች በቪዲዮ ተቀርጸው ስለሚቀመጡ የበጀትና የክልል ውሳኔ ዕለት ማን ምን እንዳለና እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ማየት ይችላሉ። አዲስ ለሆነው ደግሞ በወላጅና መምህር ኮሚቴም ሆነ በሌላ ቦታ የሠራውን ይጠይቁ። የሴቶች መራጮች ሊግ የተባለው ወገንተኛ ያልሆነ ማኅበር ለሁሉም እጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቦ መልሳቸውን ጎን ለጎን ያወጣል፤ መልስ ያልላከ እጩ ባዶ ቦታው ይታያል። ገንዘብ ማን እንደሰጣቸውም ከስቴቱ የምርጫ ቦርድ የሕዝብ መዝገብ ላይ ይገኛል። ሁሉንም አይተው አሁንም መለየት ካቃተዎ ያንን ቦታ ባዶ መተው መብትዎ ነው፤ የቀረውን ድምፅዎን አያበላሽም። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ማየት ግን አይርሱ፤ የቦርዱ ውድድር ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው አካባቢ ነው የሚገኘው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ያለኝ አባት ነኝ፤ የምኖረው ታኮማ ፓርክ ነው። በከተማው ምርጫ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ልጆቼ እዚሁ ስለሚማሩ የትምህርት ቦርዱንም መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ ይህንንም በጥብቅ እናሳስባለን። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የምታስመርጠው ለከተማዋ ከንቲባና ምክር ቤት ብቻ ነው። የካውንቲው የትምህርት ቦርድ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል። ምናልባት የሰሙት የሳን ፍራንሲስኮን ይሆናል፤ በዚያ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ወላጆች የትምህርት ቦርድ እንዲመርጡ በ2016 በሕዝብ ድምፅ ተፈቅዷል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን አይሠራም። የዜግነት ማመልከቻው ለመምረጥ ተመዝግበው ወይም መርጠው እንደሆነ ስለሚጠይቅ፣ በስሕተት የተሰጠ አንድ ድምፅ ዜግነትዎን ሊያሳጣዎ፣ ከዚያም የባሰ ሊያስከትል ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያድሱም የመራጭነት ምዝገባ ጥያቄ ሲመጣ ዜጋ አለመሆንዎን በግልጽ ይናገሩ። በቦርዱ ስብሰባ ላይ ተመዝግቦ መናገር፣ ለአባላቱ መጻፍና በወላጆች ማኅበር መሳተፍ ግን ዜግነት አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ እናቴ ዜጋ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ግን አይችሉም። ምርጫ ጣቢያ አብሬያቸው ገብቼ መርዳት እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ ይችላሉ። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ፣ ማንበብ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው እንዲረዳው ይፈቅዳል፤ የማይፈቀድላቸው አሠሪውና የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። የካውንቲው የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚታተመው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ሲሆን፣ የሌሎች ቋንቋዎችን ትርጉም የሚያዝዘው የሕጉ አንቀጽ የአፍሪካ ቋንቋዎችን አይጨምርም። ለምርጫ ሠራተኛው እናትዎ እርዳታ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሩ፤ የሚፈርሙት ቅጽ ይሰጥዎታል። ከዚያ በኋላ ሥራዎ ስሞቹን ማንበብና እናትዎ ባሉት ላይ ክቡን ማጥቆር ነው። ቤት ተቀምጠው መጨረስ ከመረጡ፣ ማንኛውም የሜሪላንድ መራጭ ምክንያት ሳይሰጥ በፖስታ የሚላክ ወረቀት መጠየቅ ይችላል፤ ሲመልሱት ፖስታው ላይ እናትዎ መፈረማቸውን ያረጋግጡ።