ስለ እንቅልፍና እስፖርት ለጠየቅሽው እህት፦ ከመመዝገብሽ በፊት ሰዓቱን አስቢበት

እህቴ፣ «ቀን ቢሮ ሳንጎላጅ እውላለሁ፣ ማታ አልጋ ላይ ስወጣ ግን ዓይኔ ቦግ ይላል፤ ጂም ልመዝገብ ወይስ የእንቅልፍ መድኃኒት ልጀምር?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የዛሬ ሁለት ዓመት ራሴን ያየሁ መሰለኝ። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ወንበር ላይ ነኝ። አንቺም ቁጭ ብለሽ እንደምትውዪ ገምቻለሁ። «እስፖርት ሥሪ፣ ይሻልሻል» ያሉሽ ሰዎች ልክ ናቸው፤ እኔም ምስክር ነኝ። ግን መቼ እንደምትሠሪ አንዳቸውም አልነገሩሽም። እኔን 14,000 ብር ያስከፈለኝ እሱ ነው።

1. የዓመት አትክፈዪ። አንድ ወር እንኳ ሳትሞክሪ በፍጹም አትክፈዪ። ዕቁብ የወጣልኝ ሰሞን ነበር፤ «የዓመቱን ባንዴ ከከፈልሽ ቅናሽ አለው፣ የማታው ደግሞ ይረክሳል» ሲሉኝ ቆጥሬ ሰጠኋቸው።

2. ማታ አትሂጂ፤ ቢያንስ ከመኝታሽ ጋር አታጋጥሚው። እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ጂም የምደርሰው 1፡30 ላይ ነበር። ድካሙ እንዲለቀኝ ብዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ማኪያቶ እጠጣለሁ። አሠልጣኙ ደግሞ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚያዘው፦ ዝላይ፣ ሩጫ፣ ክብደት፣ እንደገና ዝላይ። 3 ሰዓት ላይ ላቤን ጠርጌ እወጣለሁ፤ 3፡30 ቤት፣ እራት፣ 4፡15 አልጋ። ልቤ ገና ይመታል፣ ሰውነቴ ይግላል፣ እግሬን ከብርድ ልብሱ አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል። «ገና ስላልለመድኩት ነው» እያልኩ ጭራሽ በሳምንት ከሦስት ቀን ወደ አምስት ቀን አሳደግኩት።

በሁለተኛው ወር ሰኔ ደረሰ። የበጀት መዝጊያ ሰሞን እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ሁለት ጊዜ አስገባሁ። በ11 ዓመት የሥራ ዘመኔ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበልኩ፤ ወረቀቱን ይዤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

3. ይሄ ስለ መድኃኒት ነው። ያን ሰሞን አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» ብቻ ብሎኝ የአንድ ወር የእንቅልፍ ክኒን ጻፈልኝ። ቡና አልጠየቀኝም፣ እስፖርት አልጠየቀኝም፣ ደም አላስመረመረኝም። አሥር ቀን ዋጥኩት። እንቅልፉ ይወስደኛል፤ ጠዋት ግን ጭንቅላቴ ጥጥ የተሞላ ይመስላል፣ ታክሲ ላይ ተኝቼ ሁለት ጊዜ ሜክሲኮን አልፌያለሁ። ከዚያ ሌላ ነገር ልገዛ የገባሁበት መድኃኒት ቤት ያለች ልጅ፣ ዕድሜዋ ከሃያዎቹ አያልፍም፣ አምስት ደቂቃ አቁማ ጠየቀችኝ። «ማታ ነው እንዴ የምትሮጪው? ቡናስ ስንት ሰዓት ላይ?» አለችኝ። ስነግራት የቡናው ኃይል በግማሽ እስኪቀንስ ብቻ አምስት ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ አስረዳችኝ። ማታ 1፡15 ላይ የጠጣሁት ማኪያቶ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እኩሌታው ገና ደሜ ውስጥ ነበር ማለት ነው! ከባድ እስፖርትም ሰውነትን አሙቆ፣ ልብን አነቃቅቶ ይተዋል፤ ያ ሳይበርድ አልጋ ላይ መውጣት ለብዙ ሰው አይሆንም። «ወደ ጠዋት አዙሪው፣ ቡናውን ከምሳ በኋላ አቁሚ» አለችኝ። ክኒኑንም በራሴ ፈቃድ በድንገት እንዳላቆመው፣ ሐኪም እያማከርኩ እንድቀንሰው አስጠነቀቀችኝ። አንቺም ጀምረሽው ከሆነ ይሄን ልብ በይ። እግዜር ይስጣት።

አሁን ወደ ጂሙ ልመልስሽ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያናድደኛል። በማግሥቱ ሄጄ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችውን ልጅ «እባክሽ ወደ ጠዋት አዙሪልኝ» አልኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል «የከፈልሽው የማታ ነው» አለችኝ። ልዩነቱን ልጨምር አልኳት፤ አይቻልም። ቀሪውን ወር ለእህቴ ልስጣት አልኳት፤ አይተላለፍም። ሐኪም ማታ እንዳልሠራ ቢጽፍልኝስ? «ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ አላነበብሽም?» አለችኝ። ከኋላዬ የቆሙ ሰዎች እየሰሙ! ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩ፤ «ነገ ነይ» ተባልኩ፤ ሦስት ነገ ተመላለስኩ፣ አንድም ቀን አላገኘሁትም። ከአሥር ወር በላይ ያልተጠቀምኩበት ገንዘብ እዚያው ቀረ። ስለዚህ እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት የደረሰኙን ጀርባ አንብቢ፤ ሰዓት መቀየር ይቻል እንደሆነም በጽሑፍ አስቀምጪ።

ያዳነኝ በመጨረሻ አንድ ብር ያላስከፈለኝ ነገር ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ከእኛ በታች ያሉ እማማ ስኳር አለባቸው፣ ሐኪም በየቀኑ ይራመዱ ብሏቸዋል። በ12፡15 ነጠላቸውን ደርበው ሲወጡ በመስኮት አያቸው ነበር። አንድ ቀን ወርጄ ተከተልኳቸው። ወሬ እያወራን፣ ግን ፈጠን ብለን፣ 40 ደቂቃ ሄደን እንመለሳለን። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 200 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው መካከለኛ እንቅስቃሴ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ በሳምንት ይላል፤ እኛ ያለ ማሽን፣ ያለ ጩኸት መሐሉ ላይ ነን። ስንመለስ ፀሐይዋ ፊታችን ላይ ናት። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፤ የጠዋት ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ አንጎል ቀኑ መጀመሩን ያውቃል፣ ማታም እንቅልፉን በሰዓቱ ይጠራል። ከቢሮ መብራት ሥር የምንውል ሰዎች ያጣነው አንዱ እሱ ነው።

ግን ቶሎ አትጠብቂ። የመጀመሪያው ሳምንት ባሰብኝ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ልደፋ ደርሼ ነበር። በሁለተኛው ቅልጥሜን አመመኝ፤ ጫማዬ ስስ ነበርና ከሳልባጅ ሶሉ ወፍራም የሆነ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ረቡዕ ልጆቼን ላስጠና ተቀምጬ 3፡45 ላይ ሶፋው ላይ ተኛሁ። ባለቤቴ ደንግጦ «አሞሻል?» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ ወዲህ ከ4፡30 አላልፍም። አሁን ውሃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ። ድሮ በየፎቁ አስቀምጥ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። እንቅልፌ ተስተካክሎም ከሰዓት በኋላ የሚይዘኝ ድካም አልለቀቀኝም። ሌላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ሲታይ ደም ማነስ ተገኘብኝ፤ የአይረን ክኒን ታዘዘልኝ። ከምግብ ላይ ቡናና ሻይ መደረብ አይረኑ በደንብ እንዳይመጠጥ እንደሚያደርግም ነገሩኝ። እኔ ዘመኔን በሙሉ ምሳ እንደጨረስኩ ነበር የምጠጣው! አሁን በ4 ሰዓት ረፋድ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ለእንቅልፌም ለደሜም ሆነልኝ። ስለዚህ የወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነ፣ ወይም ባለቤትሽ «ታንኮራፊያለሽ፣ ትንፋሽሽ ይቋረጣል» የሚልሽ ከሆነ፣ እስፖርቱን ጀምሪ ግን ምርመራውን አታስቀሪ።

በጾም ምን ታደርጊያለሽ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ ወደ 20 ደቂቃ አሳጥሬ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ እማማ ግን በስኳራቸው ምክንያት ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ተማክረው ቀምሰው ነው የሚወጡት። ጨርሼ አላቋርጥም፤ አምና አቋርጬ እንቅልፌን ለመመለስ ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ጀሞ አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አሁን አራት ሆነናል፣ 12፡15 ላይ ከግቢው በር እንነሳለን። ብቻሽን ከሆንሽ ግን ሳይነጋ አትውጪ፤ ውሾቹ በቡድን ነው የሚሄዱት።