ሳጥኑ ለምን ባዶ ሆነ?

ጥያቄ፦ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞች አዲስ ሐሳብ እንዲያመጡ ብዬ የአስተያየት ሳጥን ሰቀልሁ። በመጀመሪያው ወር ሞላ፤ አሁን ግን ባዶ ነው። ሽልማት ላዘጋጅ?

መልስ፦ ሽልማቱ ይቆይ። ያን ጊዜ ለገቡት ወረቀቶች መልስ ሰጥተዋል? እኔ ተቀጣሪ ሳለሁ የመዝገብ አሠራራችንን የሚያሳጥር ሐሳብ በሁለት ገጽ ጽፌ እንዲህ ባለ ሳጥን ከትቼ ነበር። ከዓመት በኋላ ሳጥኑ ሲነሣ ወረቀቴ እንደታጠፈ ተገኘ፤ ለካ ቁልፉ ጠፍቶ ኖሯል! ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ እንኳ አፌን አልከፈትሁም።

ስለዚህ በየሳምንቱ ይክፈቱት። «አይሆንም» ቢሉም ምክንያቱን ለሐሳቡ ባለቤት ይንገሩ። የማይረባ የሚመስለውንም ቶሎ አይጣሉት። የአሜሪካው ስሪ ኤም (3M) ኩባንያ ተመራማሪ ስፔንሰር ሲልቨር በ1968 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ሙጫ ሲፈልግ በቀላሉ የሚላቀቅ ሙጫ አገኘ፤ ለዓመታትም ፈላጊ አጣ። በ1974 ባልደረባው አርት ፍራይ፣ ከመዝሙር መጽሐፉ እየወደቀ ላስቸገረው የገጽ ምልክት አሰበው። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው ተለጣፊ የማስታወሻ ወረቀት በመላው አሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1980 ነው። ኩባንያው ሠራተኞቹ ከሥራ ሰዓታቸው 15 በመቶውን በራሳቸው ሐሳብ ላይ እንዲያውሉ ይፈቅድ ነበር። እርስዎም ለሽልማት ያሰቡትን ገንዘብ ይተዉና ሐሳብ ላመጣ ሰው የዓርብ ከሰዓትን ይልቀቁለት።