መቀነቱ ሲያጥር፦ ስለ ሆድ መነፋት የጠየቃችሁኝ

ጾሙ ከገባ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ሆድ ነው።

አንድ የደብረ ብርሃን ወንድማችን ሽሮና የባቄላ አሹቅ ከበላ ሆዱ እንደ ከበሮ እንደሚነፋ ጽፏል።

ጥራጥሬ ውስጥ አንጀታችን መፍጨት የማይችለው ስኳር አለ። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈው፤ ጠዋት ውሃውን ደፍተህ በአዲስ ውሃ ቀቅለው። ያገርህን ከፍታም አትርሳ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ ተንተከተከ ማለት ባቄላው በሰለ ማለት አይደለም። ፍሬውን በሁለት ጣትህ ጫን በለው፤ ካልፈረጠ ይቆይ።

ለስላሳ ጠጥቶ ሲያገሳ ቀለል የሚለው አንባቢ ይጠቅመኛል ወይ ይላል።

የምታገሳው የጠጣኸውን ጋዝ ነው። ተወው።

ወተት የሚነፋት፣ እርጎ ግን የማይነካት እህትም አለች።

እርጎውን ጠጪ። ወተቱ ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል።

ከመንዝ የጻፈችልኝ ልጅ እናቷ 56 ዓመታቸው ነው። ሆዴ ተነፋ ካሉ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው። ጨጓራ ነው ተብሎ፣ ሳይመረመሩ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ይውጣሉ። ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ጠገብኩ ይላሉ። ድሮ ሦስቴ ይዞራቸው የነበረው መቀነት አሁን ሁለቴ ዞሮ ያልቃል። ምን ሻይ ላፍላላቸው ትላለች።

እህቴ፣ ሻዩ ይቅር። "ጨጓራ" የምትል አንዲት ቃል ስንት በሽታ እንደምትሸፍን ሳስብ እናደዳለሁ። የምግብ መነፋት ማታ መጥቶ ጠዋት ይጎድላል። የእናትሽ ግን ጭራሽ አልጎደለም። ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ፣ ለሳምንታት የማይለቅ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት የኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ማምረቻ፣ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ጉበት ሲታመምም ሆድ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል። ነው አላልኩሽም። ግን በክኒን ግምት አይታወቅም፤ አልትራሳውንድ ይፈልጋል። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ውሰጃቸው። እሳቸው ደህና ነኝ ቢሉም ውሰጃቸው። ሐኪሙ ጨጓራ ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ቢል የመቀነቱን ነገር ንገሪው፤ ሆዳቸውን በእጁ ሳይዳስስ፣ አልትራሳውንድም ሳያዝ እንዳትወጪ።

የሸዋ ሮቢት አባት ደግሞ ወንዝ የሚዋኘው ልጃቸው ሆዱ እንደተነፋና ሰገራው ደም እንዳለው ነግረውኛል።

ጤና ጣቢያ ወስደው ሰገራውን ያስመርምሩ። ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከወንዝ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ፣ ከሆነ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድነዋል። በልጁ ክብደት ተለክቶ ስለሚሰጥ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አይስጡት።