ተጎታች፣ ሁለቱ ብረቶችና የደባርቅ መንገድ

ከጥምቀት ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ተጎታች ሆኗል። ምን ነካችሁ? በሉ እንጀምር።

«ተሳቢ» ልበል «ተጎታች»? ይህን ለመጠየቅ ሁለት ገጽ ጽፈሃል ወንድሜ። ያሻህን በል።

ከማራኪ አንድ ወጣት ጽፎልኛል፤ አጎቱ ከአሜሪካ ባለ አልጋ ተጎታች ቤት አስገብተዋል። በአሮጌ ላንድክሩዘር እየጎተተ እንግዳ ደባርቅ ሊያመላልስ ነው። አብረው የመጡትን ሁለት ረጃጅም ብረቶችና ሰንሰለት አንድ መካኒክ «ትርፍ ነው፣ ጣለው» ብሎታል።

እንዳትጥለው! ጋሪ ተሳፍረህ ታውቃለህ አይደል? ኋላ ሰው ሲበዛ እንጨቱ ሽቅብ ይነሳና ፈረሱ ይቀለዋል፣ ባለጋሪውም «ወደ ፊት ጠጋ በሉ» ይላል። መኪናህም ላይ እንደዚያው ነው። ተጎታቹ የሚያያዝበት መንጠቆ ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የተጫነው ሁሉ የመኪናውን አፍንጫ ያነሳል። የተጎታቹ አፍንጫ፣ ማለትም መንጠቆው ላይ የሚያርፈው የፊት ጫፉ፣ 200 ኪሎ ቢጫን፣ መንጠቆው ከኋላ ጎማ 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ደግሞ 2.85 ሜትር ቢሆን፣ የፊት ጎማዎች 84 ኪሎ ያህል ይቀላቸዋል። የኋላዎቹ ላይ 200ውና ከፊት የተነሳው 84 ተደምሮ 284 ይወድቃል። መሪው ቅቤ ይሆናል፣ የፊት ፍሬን መሬት አይቆነጥጥም፣ ማታ ደግሞ መብራትህ አስፋልቱን ትቶ የባሕር ዛፍ ጫፍ ያበራል።

ብረቶቹ እንደ ባሌስትራ የሚለመጡ ናቸው። አንዱ ጫፋቸው መንጠቆው ራስ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው በሰንሰለት ሽቅብ ተወጥሮ ተጎታቹ ላይ ይታሰራል። ሲወጠሩ የመኪናውን ኋላ ቀና ያደርጉና ከኋላ ጎማ ላይ ከፊሉን ጭነት አንስተው ለፊት ጎማና ለተጎታቹ ጎማ ያካፍላሉ።

ልኩን በሜትር ታገኘዋለህ። ከፊት ጎማ በላይ ካለው የመከላከያ ጠርዝ እስከ መሬት ሳትጎትት ለካ፤ 86 ሴንቲ በል። አገናኝተህ ለካ፤ 90 ሆነ። አሁን ወጥር። ከተነሳው ግማሹን ወይም ሙሉውን መልስ፣ የመኪናው መመሪያ የሚለውን ተከተል። ከ86 በታች ካወረድከው ግን አብዝተሃል፣ የኋላ ጎማ ቀልሎ እርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተትብሃል።

ደግሞ ስማኝ፤ ጭነቱ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። መኪናው 2 ቶን ጎትት ከተባለ ብረት ስለጨመርክ 3 አይጎትትም። ፍሬንም አይሆንህም። አውሮፓ ውስጥ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ይዘኸው ልትወርድ ካሰብክ አጎትህን ላግኛቸው።

«አፍንጫው ላይ ስንት ኪሎ ይሁን?» እንዲህ ላለው ተጎታች ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ። 1,500 ኪሎ ከሆነ ከ150 እስከ 225 ማለት ነው። ሰሊጥ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አፍንጫውን ብቻ ማሳረፍ ነው እህቴ፣ ባለመጋዘኑን ለምኚው።

የአዘዞው ሰው ተጎታቹ እንደ ላም ጭራ ይወዛወዝባቸዋል፣ የውሃ በርሜሉን የጫኑትም ከኋላ በኩል ነው። ጋሼ፣ መልሱን እርስዎው ጽፈውታል። በርሜሉን ወደ ፊት ያምጡት። ሲወዛወዝ እግርዎን ከነዳጅ መርገጫው ላይ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍሬን አይርገጡ። ብረቶቹ ብቻቸውን ይህን አያድኑም፣ ማወዛወዝ መከላከያ አብሮ የተሠራላቸው ግን አሉ።

መንጃ ፈቃድ? ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

መንጠቆውን ባምፐር ላይ ያስበየደው አሁኑኑ አስፈታው። መንጠቆ ሻንሲ ላይ በቡሎን ነው የሚታሰረው። ሻንሲ የሚያውቅ መካኒክ ከሥሩ ገብቶ ሳያይልህ ከግቢ አትውጣ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፣ ተበጥሶ የሚሄደው ተጎታች ከኋላህ ያለውን ባጃጅ ነው የሚያገኘው።

«ሰንሰለቱን ስፈታ ብረቱ ለምን ይፈናጠራል?» ተወጥሮ ስለሆነ ነዋ! ከመፍታትህ በፊት የተጎታቹን አፍንጫ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ በክሪክ ከፍ አድርገው፣ ያኔ ሰንሰለቱ ይላላል። እኔ ይህን የተማርኩት በግራ ቅልጥሜ ነው። ጠባሳውን ማየት የፈለገ ፒያሳ ቡና ይጋብዘኝ።